«ሰው የታለ?» ለሚሉ

አንድ የመልክዐ ምድር ሥዕል ግድግዳ ላይ በተሰቀለ ቁጥር «ሰው የታለ? መልእክቱስ ምንድን ነው?» የሚል ጥያቄ ከወዲያም ከወዲህም ይሰነዘራል። ጠያቂዎቹ ለኅብረተሰቡ ጥብቅና የቆሙ ይመስላቸዋል። እኔ ግን ጥያቄው የሚመነጨው ከዐይን ስንፍና ነው እላለሁ፤ ለዚህም የማቀርበው ምስክር አንድ የሣር ጓል ነው።

የኑረንበርጉ ሠዓሊ አልብሬክት ዱረር እ.ኤ.አ. በ1503 ከመስክ ላይ ጥቂት ሣር ከነአፈሩ በውሃ ቀለም ሣለ። ዛሬ ቪየና በሚገኘው በአልበርቲና ቤተ መዘክር ያለው ይህ ወረቀት ቁመቱ 41፣ ወርዱ 31 ሴንቲሜትር ያህል ነው። ተራራ የለበትም፤ ወንዝ የለበትም፤ ከኋላው ባዶ ነው። የሠዓሊው ዐይን እስከ መሬት ወርዷልና ሣሩ እንደ ደን ከፊታችን ይቆማል። ከታች ጭቃው ረጥቧል፤ ሥሮች ተራቁተው ይታያሉ። ሰፊ ቅጠሉን የዘረጋ የጎርተብ ወገን አለ፤ ጀርመኖች «የአንበሳ ጥርስ» የሚሉት አረምም አለ። ይኸኛው በጸደያቸው መስኩን ቢጫ የሚያለብስ ነው (ጸደያቸው በመጋቢት የሚገባ እንጂ እንደ እኛ ዐደይ መስከረምን የሚጠብቅ አይደለም)። ዱረር ግን አበባውን የሣለው እንደ ተከደነ ነው። ዐይን መማረክ ብቻ ቢፈልግ ኖሮ ቢጫውን አፈካክቶ በበተነው ነበር።

ታዲያ ምን ቀረለት? አረንጓዴ። ያንኑ አረንጓዴ በስሱ ቀብቶ፣ በላዩ በደቃቅ ብሩሽ እያንዳንዱን ቅጠል እያወጣ፣ አንዱን ከሌላው ለየ። የዕፅዋት ሊቃውንት ዛሬም ሣሮቹን በየስማቸው ይጠሯቸዋል። ከብት የሚግጠውን፣ መንገደኛ የሚረግጠውን፣ ገበሬ ነቅሎ የሚጥለውን እንዲህ አክብሮ ማየት መልእክት ካልተባለ፣ መልእክት ማለት መፈክር ብቻ ሊሆን ነው። «እንዴት ያምራል!» ብለው የሚያልፉትንም አላመሰግንም፤ እነርሱም አላዩትም።

ያው እጅ ከ22 ዓመት በኋላ፣ የጀርመን ገበሬዎች ዐመፅ በደም በታፈነበት በ1525፣ ስለ ልኬት ባሳተመው መጽሐፍ ውስጥ የሐውልት ንድፍ አወጣ። ነዶ፣ የእርሻ መሣሪያና የወተት ዕቃ ተቆልሎ፣ ከሁሉ በላይ አንድ ገበሬ አንገቱን ደፍቶ ተቀምጧል፤ ጀርባው ላይ ሰይፍ ተሰክቷል። ሰው ፈላጊዎቻችን እዚህ ሲደርሱ እፎይ ይሉ ይሆናል። ዳሩ ግን ንድፉ በተሸነፈው ገበሬ ላይ መሳለቂያ ነው ወይስ ሐዘን የሚለው የሊቃውንት ክርክር እስካሁን አልተቋጨም። ሰው ስለ ገባበት መልእክቱ አልጠራም።

እንግዲህ የሥዕል መምህሩም ሆነ የኤግዚቢሽን መራጩ፣ ወጣቱ መስክ ሥሎ ሲመጣ «ገበሬ ጨምርበት» ከማለቱ በፊት ወደ ወረቀቱ ጎንበስ ይበል። ይህ ምን ሣር ነው? ጫፉ ለምን ጎበጠ? ጭቃውን ያረጠበው የትናንት ዝናብ ነው ወይስ ምንጭ? ብሎ ይጠይቀው። ልጁ መልስ ካጣ፣ ያን ጊዜ ሥዕሉን ይመልስበት።