በእጅ የሚያዘው ኮምፒዩተርና የልማት ሠራተኛው ደብተር

በእጅ የሚያዘው ኮምፒዩተር፣ በተለምዶ ታብሌት የምንለው፣ ወደ እርሻ ሥራችን ከገባ ዓመታት ተቆጥረዋል። ከደሴ ተነሥተን ሐረጎን አልፈን ኮምቦልቻ ዙሪያ ወዳሉት የቃሉ ቀበሌዎች በወረድን ቁጥር ሁለት ዓይነት አስተያየት እንሰማለን። አንደኛው ወገን ከእንግዲህ ደብተር መያዝ ኋላ ቀርነት ነው ይላል። ሌላው ደግሞ መሣሪያው ሥራ ከማብዛት በቀር የፈየደው የለም ይላል። ከሁለቱም ጋር አንስማማም። መሣሪያው ከማሳ ወሬ ፈጥኖ ለማድረስ ጠቃሚ ነው፤ የገበሬውን ሒሳብ ብቻውን እንዲይዝ ግን ሊታመን አይገባውም እንላለን።

ጥቅሙን ለመረዳት የበረሃ አንበጣ አገራችንን የወረረበትን የ2012 እና የ2013 ዓ.ም. ጊዜ ማስታወስ ይበቃል። በ2013 ዓ.ም. መጀመሪያ ወራት መንጋው ደቡብ ወሎ ሲደርስ ማሽላውና ጤፉ ገና ከማሳ ላይ ነበር። የአንበጣ መንጋ ነፋስ ከረዳው በአንድ ቀን እስከ 150 ኪሎ ሜትር ይጓዛል። ከቀበሌ ወደ ወረዳ፣ ከወረዳ ወደ ዞን በወረቀት የሚሄደው ሪፖርት ደሴ እስኪደርስ ድረስ መንጋው ሌላ አውራጃ ገብቶ ያድራል። የተባበሩት መንግሥታት የምግብና የእርሻ ድርጅት ኢሎከስት የተባለውን የመመዝገቢያ ዘዴ ያዘጋጀው ለዚሁ ነው። ከሳተላይት ጋር በሚገናኝ ታብሌት ከሚሠራው ሌላ፣ በ2012 ዓ.ም. በእጅ ስልክ የሚሠራው ዓይነት ተጨመረለት። መዝጋቢው የቆመበትን ሥፍራ መሣሪያው ራሱ ከሳተላይት ያነባል፤ ለዚህም የስልክ ኔትዎርክ አያሻውም። ኔትዎርክ በሌለበት ሸለቆ የተመዘገበው እዚያው ተቀምጦ ይቆይና ኔትዎርክ ሲገኝ ይላካል። «ከትልቁ ዋርካ በላይ» ተብሎ የተጻፈ ሪፖርት ለመንደሩ ሰው በቂ ነው፤ መድኃኒት ለሚረጨው አውሮፕላን አብራሪ ግን ምንም አይነግረውም።

ይሁን እንጂ መሣሪያው አንበጣውን አያውቀውም። ገና ያልጎለመሰው አንበጣ ሮዝ መልክ፣ እንቁላል ለመጣል የደረሰው ደግሞ ቢጫ መልክ እንዳለው፣ ኩብኩባም ከተራ ፌንጣ በምን እንደሚለይ የሚያውቀው የሠለጠነ ዓይን ነው። ፌንጣውን አንበጣ ብሎ የመዘገበ ሰው ስሕተቱን በፍጥነት አዳረሰ እንጂ ሌላ ምን ሠራ?

አንድ ጊዜ ከአንድ ወረዳ የመጣ መዝገብ ስንመረምር የሃያ ገበሬዎች ማሳ በካርታው ላይ በአንድ ነጥብ ተደራርቦ አገኘነው። ሠራተኛው ሃያውንም ሰው አንድ ዛፍ ሥር ሰብስቦ ጠይቋቸው ኖሯል። አልፈረድንበትም። መጠይቁ ከመቶ በላይ ጥያቄ የያዘ ነበር፤ ቀበሌው ሰፊ፣ መንገዱም ዳገት ነው። በወረቀት ጊዜ ማባዣው ቀለምና ወረቀት ስለሚፈጅ ጥያቄ ይቆጠብ ነበር። አሁን ቢሮ የተቀመጠ ሰው አሥር ጥያቄ ቢጨምር የሚያወጣው አንዳች የለም፤ ወጪው የሚወድቀው በልማት ሠራተኛው እግር ላይ ነው። እኛም ጥያቄ ከሚያበዙት መካከል እንደነበርን አንሸሽግም።

ሌላም ነገር አለ። ገበሬው መሬቱን የሚናገረው በጥማድ ሲሆን መጠይቁ የሚቀበለው በሄክታር ብቻ ነው። አራቱ ጥማድ አንድ ሄክታር ይሆናል ብለን ብናሰላም፣ ጥማድ ማለት አንድ ጥንድ በሬ በቀን የሚያርሰው በመሆኑ የቃሉ ሜዳ ጥማድና የኩታበር ዳገት ጥማድ እኩል አይደሉም። ስለዚህ ገበሬው ያለውን ቃል እንዳለ በደብተር ጽፎ መያዝ፣ ስሌቱንም ከጎኑ ማስፈር ያስፈልጋል።

የኅብረት ሥራ ማኅበራትን ጉዳይ ለብቻው ያየነው ገንዘብ ስላለበት ነው። ማኅበሩ እህል ሲረከብም ሆነ ማዳበሪያ ሲያከፋፍል በታብሌት ቢመዘግብ ድምሩ ቶሎ ይወጣል፤ ይህ መልካም ነው። ነገር ግን አባሉ እህሉን አስመዝኖ ባዶ እጁን ወደ ቤቱ መመለስ የለበትም። ካርኒ ይቆረጥለት፤ ማንበብ የማይችል ከሆነም ሚዛኑና ዋጋው በሰው ፊት ይነበብለት። አምስት ኩንታል ያስረከበ ሰው መዝገቡ ላይ አራት ሆኖ ቢገኝ፣ በእጁ ወረቀት ከሌለ በምን ይከራከራል?

በጥቅምት 2014 ዓ.ም. ጦርነቱ ደሴና ኮምቦልቻ ደርሶ መብራትና ስልክ መቋረጡን የማያስታውስ የለም። እንዲህ ባለ ጊዜ ወረቀትም ይቃጠላል፣ ኮምፒዩተርም ይዘረፋል። በታብሌቱ ውስጥ ብቻ የቀረው መዝገብ ከታብሌቱ ጋር ይጠፋል፤ ቀደም ብሎ ወደ ሌላ ቦታ የተላከው ግን ይተርፋል። ማኅበራት በየሳምንቱ አንድ ግልባጭ ወደ ዩኒየናቸው ቢልኩ፣ አንዱንም አትመው በፋይል ቢያስቀምጡ ከባድ ሥራ አይደለም።

በመጨረሻም ቅር የሚለንን እንናገር። ከማሳ የተሰበሰበው ቁጥር ወደ ላይ ይሄዳል፤ ተመልሶ ቀበሌ ሲደርስ ግን እምብዛም አላየንም። የቀበሌው ማጠቃለያ ታትሞ በገበሬዎች ማሠልጠኛ ጣቢያ ግድግዳ ላይ ቢለጠፍ ገበሬው የመንደሩን ቁጥር አይቶ «ይህ ልክ አይደለም» ለማለት ይችላል። በሚቀጥለው የበልግ ምዝገባ ይህ እንዲጀመር የልማት ሠራተኞች በወርኃዊ ስብሰባቸው አንሥተው ወረዳቸውን በጽሑፍ እንዲጠይቁ እናሳስባለን።