ቢምቢዋ የገዛ በርሜላችን ልጅ ናት



ባለፉት ሁለት ቅዳሜዎች የማኅበራችን የጤናና ጽዳት ኮሚቴ በየቤቱ እየዞረ በርሜልና ሮቶ ሲመለከት መሰንበቱን ታውቃላችሁ። አብዛኛው ሰው በደስታ ነው የተቀበለን፤ ቡና ያፈሉልንም አሉ፤ እናመሰግናለን። አንዳንድ ቤት ግን በሩ ሳይከፈትልን ቀርቷል። «የሰው በርሜል ውስጥ ምን አገባችሁ?» ያሉንም አልታጡም። በዚህ አልተቀየምንም። ውኃ በዚህ ከተማ የሰው ገመና ነው። ማን ስንት በርሜል እንዳለው፣ ማን እስከ ታች እንደጨረሰ ጎረቤት እንዲያይበት የሚወድ የለም። ቢሆንም ጥያቄው መልስ ይገባዋልና የዛሬውን ርዕሰ አንቀጽ ለእርሱ አድርገነዋል።

ከሁሉ አስቀድሞ ግን ሌላ ሰው ሳይነግራችሁ እኛው እንናገር። በዙሩ ከታዩት በርሜሎች ሁሉ እጭ የበዛበት የተገኘው በማኅበራችን ጽሕፈት ቤት ጓሮ፣ ድንኳኑና ወንበሩ በሚቀመጥበት ቦታ ነው። ለለቅሶ ቤት ዕቃ ማጠቢያ ተብሎ የተሞላ በርሜል ነበር። ከተሞላ ወር አልፎታል፤ ክዳኑም ግማሽ ቆርቆሮ ነው። ሊቀመንበሩም፣ ገንዘብ ያዡም፣ ይህን ጽሑፍ የምናዘጋጀውም ሰዎች በየቀኑ በአጠገቡ እናልፋለን። ባትሪ ሲበራበት ያ ትንንሽ ትል እየተጠማዘዘ ወደ ታች ሲሸሽ ያዩ ልጆች ሳቁብን። ይገባናል።

እንግዲህ ነገሩ ምንድን ነው? እንደሚታወቀው ድሬዳዋ ይህን ጉዳይ ከሌላው ከተማ ቀድማ ያየች ናት። ደንጊ የሚባለው ትኩሳት በአገራችን ለመጀመሪያ ጊዜ በምርመራ የተረጋገጠው እዚሁ፣ በ2006 ዓ.ም. መግቢያ ላይ ሲሆን፣ በዚያ ወረርሽኝ ከ11,000 የማያንስ ሰው መታመሙ ተመዝግቧል። ከዚያም ወዲህ ተመላልሶ ታይቷል። በ2011 ዓ.ም. ክረምት ደግሞ ቺኩንጉንያ መጣ፤ ሕዝቡ «ቆልማሚት» ያለው። በጥቂት ወራት ውስጥ የታመመው ሰው በአስር ሺዎች ተቆጠረ። ያን ክረምት የሚረሳ ከዚህ ሰፈር አይገኝም። ጎረምሳው ጠዋት ከአልጋው ሲነሳ እንደ ሽማግሌ ግድግዳ ይዞ ነበር። የባጃጅ ነጂዎች እጀታ መጨበጥ አቅቷቸው ባጃጁ በየደጁ ቆሞ ሰንብቷል። እጅ መጨባበጥ ራሱ ያም ነበርና ሰላምታ በአንገት ብቻ ሆነ።

«ቆልማሚት እኮ አይገድልም» የሚል ወሬ አለ። እውነት ነው፣ የሚገድለው ጥቂት ነው። ነገር ግን በሰፈራችን እንጀራ ጋግረው የሚሸጡ አንዲት እናት አሉ። ትኩሳቱ በሳምንቱ ለቀቃቸው፤ የእጃቸው አንጓ ግን ሊጥ ማቡካት እምቢ ብሎ እስከ ጥር ቆየ። በዚያ ሁሉ ጊዜ ምጣዱ አልተጣደም፤ ቤቱ በዱቤ ነበር የኖረው። ይህ ሞት አይደለም ተብሎ ሊታለፍ ነው? የመገጣጠሚያ ሕመሙ በብዙ ሰው በሳምንታት ይለቃል፤ በአንዳንዱ ግን ለወራት፣ አልፎ አልፎም ከዓመት በላይ ይቆያል። በአረጋውያን፣ ስኳርና ደም ግፊት ባለባቸው ሰዎች ይጠናል። እናቲቱ በምትወልድበት ሰሞን ከታመመች ለሕፃኑ ሊተላለፍበትና አደጋ ሊሆንበት ይችላል።

ደንጊው የባሰ ነው። ድንገተኛ ትኩሳት፣ ራስ ምታት፣ ከዓይን ኋላ የሚወጋ ሕመም፣ አጥንትና ጡንቻ መቆረጣጠም፣ አንዳንዴም ሽፍታ ያመጣል። ብዙ ሰው ታሞ ይድናል፤ ብዙውም ምልክት ሳያይ ያልፈዋል። አሳሳቹ ነገር ይኸውም፦ አደጋው የሚመጣው ትኩሳቱ ሲያይል ሳይሆን ሲበርድ ነው። «ተመስገን፣ ለቀቀው» ባልንበት በአንድ ሁለት ቀን ውስጥ ብርቱ የሆድ ሕመም፣ የማያቋርጥ ማስመለስ፣ የድድ ወይም የአፍንጫ መድማት፣ መድከምና መቅበጥበጥ ከታየ በሽተኛው ሌሊትም ቢሆን ወደ ሐኪም መወሰድ አለበት። እስኪነጋ አይባልም።

ደግሞም የደንጊ ቫይረስ አራት ዓይነት ነው። በአንዱ የታመመ ሰው ከዚያው ዓይነት ይጠበቃል፤ ከሌሎቹ ግን አይጠበቅም። እንዲያውም ለሁለተኛ ጊዜ በሌላው ዓይነት የተያዘ ሰው በጽኑ የመታመሙ ዕድል ይጨምራል። ከ2006 ጀምሮ አንድ ጊዜ የተያዘው የከተማችን ሰው ብዙ ስለሆነ፣ «እኔን ይዞ ለቆኛል፣ ከእንግዲህ አይነካኝም» ማለት ለደንጊ አይሠራም። ቆልማሚት አብዛኛውን ጊዜ አይደግምም፤ ነገር ግን ከዚያ ክረምት ወዲህ የተወለዱት ልጆቻችን አልያዛቸውም፣ መከላከያም የላቸውም።

ስለ መርፌ አንድ ነገር ሳንናገር አናልፍም። «መርፌ ካልተወጋሁ አይሻለኝም» የሚል ልማድ አለን። መገጣጠሚያው ሲቆረጥመን ቶሎ ዲክሎፌናክ ማለት ይቀናናል። ደንጊ ከሆነ ግን ዲክሎፌናክም፣ አስፕሪንም፣ አይቡፕሮፌንም መድማትን ያብሳሉ። ደንጊ አለመሆኑ በሐኪም ሳይታወቅ አይወሰዱ። ለትኩሳቱና ለሕመሙ ፓራሲታሞል በታዘዘው ልክ፣ ከዚያ ደግሞ ውኃ፣ ኦ.አር.ኤስ.፣ ሾርባ፣ ዕረፍት ነው። ቫይረሱን የሚገድል ክኒን የለም፤ ለሌላ በሽታ ተገዝቶ የተረፈ አንቲባዮቲክም አይነካውም። የወባ ምርመራውም አይቅር፤ ትኩሳት ሁሉ ደንጊ አይደለምና። በ2014 ዓ.ም. በበጋው ወራት በከተማችን ወባ መነሳቱን አስታውሱ። ያን ጊዜ የተጠረጠረችው አኖፊለስ ስቴፈንሲ የተባለች፣ ከእስያ በኩል የመጣች የወባ ቢምቢ ናት። እርስዋም እንደዚችኛዋ በርሜልና ሮቶ ትወዳለች። አንዱን በርሜል ብንከድን ሁለት ጠላት ዘጋንበት ማለት ነው።

አሁን ወደ ቢምቢዋ እንምጣ። ደንጊንና ቆልማሚትን የምታዛምተው ኤዴስ ትባላለች። ጥቁር ሆና እግሯ ነጭ ቀለበት ያለበት ናት፤ አይቶ መለየት አያስቸግርም። ሌሊት አይደለም የምትሠራው። ጠዋት ማለዳና ከሰዓት በኋላ ፀሐይ ሳትገባ ነው በብዛት የምትነክሰው፤ ስለዚህ ማታ አጎበር ውስጥ መተኛት ከወባ እንጂ ከእርስዋ እምብዛም አያድንም። የታመመ ሰው ካለ ግን በመጀመሪያው ሳምንት ቀን በአጎበር ውስጥ ይተኛ። ቢምቢዋ ከእርሱ ደም ጠጥታ፣ ቫይረሱ በሆድዋ ውስጥ አስር ቀን ያህል አድሮ፣ ከዚያ በኋላ እስክትሞት ድረስ ለነከሰችው ሁሉ ታካፍላለችና። የወገኗን ክፋት የቀድሞ ሰዎች ያውቁታል። በ1953 እና 1954 ዓ.ም. በደቡብ ምዕራብ አገራችን በኦሞ ወንዝ አካባቢ በተነሳው ቢጫ ወባ ወደ 30,000 ሰው እንዳለቀ ይገመታል፤ እርሱንም ያዛመቱት የኤዴስ ዘመዶች ናቸው።

ብዙ ሰው ጥፋቱን በዴቻቱ ላይ፣ በፍሳሹ ላይ፣ በቆሻሻው ላይ ይጭናል። ፍሳሹ የሚያመጣው ሌላ ጣጣ አለው፤ መጽዳቱም ግድ ነው። ይህች ቢምቢ ግን ከሁሉ የምትመርጠው ሰው ለራሱ ያስቀመጠውን ንጹሕ ውኃ ነው። እንቁላሏን የምትለጥፈው ከውኃው ወለል ከፍ ብሎ በበርሜሉ ግድግዳ ላይ ነው። ያ እንቁላል ደርቆ ወራት ይቆያል፤ ውኃው ሲመጣና ሲነካው ይፈለፈላል። በእኛ ሙቀት ከእንቁላል እስከ ቢምቢ ሳምንት ወይም አስር ቀን ይበቃል። «ውኃውን ደፍቼ እንደገና ሞላሁ» ያሉን ነዋሪዎች ደክመዋል፤ ግን ግድግዳው ካልተፈተገ ድካሙ ግማሽ ነው። መኪና እየዞረ የሚረጨው ጭስም የምትበረውን ይገድል እንደሆነ እንጂ በበርሜል ያለውን አይነካም።

በርሜሉን ማን አመጣው ብትሉ ጥማት ነው። ውኃው በየቀኑ በቧንቧ ቢወርድ ማን በርሜል ይደረድራል? ይህን የሚመለከተው ክፍል እንዲሰማ ማኅበራችን ከአንድ ጊዜ በላይ ጽፏል፤ ወደፊትም ይጽፋል። ውኃ እስኪዳረስ ድረስ ግን በርሜል አትያዙ ልንል አንችልም፤ ከድናችሁ ያዙ ነው የምንለው።

«ምን አገባችሁ?» ላላችሁን መልሳችን ይኸው ነው። ቢምቢዋ ሩቅ አትበርም፤ የምትኖረው ከተፈለፈለችበት አንድ ሁለት መቶ ሜትር ባልራቀ ቦታ ነው። እኛን የነከሰችን የእኛ ወይም የጎረቤታችን ናት። አንዱ ቤት ፈትጎ፣ ከድኖ፣ ጎኑ ያለው ቤት ክፍት ትቶ ከሆነ የፈተገው ሰው ልጅ ይታመማል። አጥሩ ለሰው እንጂ ለቢምቢ አልታጠረም። ስለዚህ የእናንተ በርሜል ያገባናል፤ የእኛም ያገባችኋል።

ክዳን ለመግዛት አቅም የሌለው አሮጌ ነጠላ ወይም ሻሽ አጥፎ በበርሜሉ አፍ ላይ ይዘርጋ፤ ዙሪያውን በተቆረጠ ከመነዳሪ ይሰረው። ቆርቆሮ ጭኖ ድንጋይ ማስቀመጥ ክዳን አይደለም፤ በጎኑ ትገባለች። በሳምንት አንድ ቀን ውኃው ሲያልቅ ግድግዳውን በቡርሽና በበረኪና መፈተግ፤ ከዚያ ማጠብ። ጓሮ የወደቀ ጎማ፣ ጣሳ፣ የዶሮ ውኃ መጠጫ፣ የአበባ ዕቃ ሥር ያለው ሳህን ሁሉ ይታይ። ጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች የእጭ ማጥፊያ ሊጨምሩ ሲመጡ «ውኃዬን አበላሹት» ተብሎ አይባረሩ። ጎማ የሚጠግኑ ወንድሞቻችን ያረጀውን ጎማ ከዝናቡ በፊት ከጣሪያ በታች እንዲያስገቡ ጠይቀናቸዋል፤ ሁለቱ እሺ ብለዋል፤ ሦስተኛው «እናያለን» ብሎናል፤ እኛም እናያለን።

ቤታቸውን ዘግተው ጅቡቲ የሚሰነብቱ ነዋሪዎች ከመሄዳቸው በፊት በርሜላቸውን ደፍተው እንዲገለብጡ ወይም ቁልፉን ለሚያምኑት ጎረቤት እንዲሰጡ እንለምናለን። የማንም ስም በዚህ ሰሌዳ ላይ አይለጠፍም፤ በኮሚቴው ውስጥ የታየው እዚያው ይቀራል። ከዙረኞቹ ጋር ሁልጊዜ አንዲት ሴት አባል ስለምትኖር ወንድ ቤት ባይኖርም በር መክፈት አያሳስብም።

የሚቀጥለው ዙር በመጪው ቅዳሜ ከጠዋቱ 1 ሰዓት ላይ ከጽሕፈት ቤቱ ይጀምራል። መጀመሪያ የሚፈተሸው የራሳችን በርሜል ነው፤ መጥቶ ማየት የፈለገ ይምጣ። ባለፈው የተዘጉት ቤቶች በዚህ ዙር ቀዳሚ ናቸው። ውሻ ያላችሁ እባካችሁ እሰሩልን።