ቁርጥማትና ማሳከክ በአንድ ሰው ላይ ሲገኙ

የቤት እመቤት ማለዳ ተነሥታ ሊጥ ለማቡካት እጅዋን ስትዘረጋ ጣቶችዋ አልታዘዝ ቢሏት፥ የቤተ ሰቡ ፍርድ ፈጥኖ ይሰጣል፤ «ቁርጥማት ነው፥ ብርድ መትቷት ነው» ይባላል። ፍል ውሃ ትግባ፥ ያም ባይሆን ከመድኃኒት ቤት ማስታገሻ ይገዛላት የሚል ምክርም ይከተላል። ምክሩ ብዙዎችን የጠቀመ ስለ ሆነ አንነቅፈውም። ነገር ግን ያችው ሴት አልፎ አልፎ ፊቷ የሚግል፥ ገላዋን የሚያሳክካትና ራሷን የሚያዞራት እንደ ሆነ፥ ፍል ውሃውም ማስታገሻውም ሊጎዷት ይችላሉና በዚህ ወር ስለዚሁ ጥቂት ልንናገር ወደናል።

በቆዳ፥ በአንጀት፥ በሳንባ፥ እንዲሁም መገጣጠሚያን ከውስጥ በሚያለብሰው ስስ ሽፋን ላይ፥ በደም ሥሮች አጠገብ የሚቀመጡ ማስት ሴል የሚባሉ ሕዋሳት አሉ። ስሙን ያወጣላቸው ጀርመናዊው ፓውል ኤርሊኽ በ1878 እ.ኤ.አ. ለዶክትሬት ባቀረበው ጽሑፍ ነው። ሆዳቸው በጥቃቅን ፍሬዎች ተሞልቶ ስላየ፥ በዙሪያቸው ያለውን አካል የሚመግቡ መስሎት ማድለብን በሚያመለክት የጀርመን ቃል ጠራቸው። ስሙ ጸንቶ ቀረ፥ ግምቱ ግን ፈረሰ። ፍሬዎቹ የያዙት ምግብ ሳይሆን ሂስታሚንና ሌሎች ብርቱ ኬሚካሎችን ነው። ሕዋሱ በተቈጣ ጊዜ እነዚህን ይረጫል፤ የደም ሥሮች ይሰፋሉ፥ ፈሳሽ ይሾልካል፥ ስፍራውም ያብጣል።

ሩማቶይድ አርትራይተስ በሚባለው፥ የሰውነት መከላከያ ኀይል በገዛ መገጣጠሚያው ላይ በሚነሣበት ሕመም፥ እነዚሁ ሕዋሳት በመገጣጠሚያው ሽፋን ውስጥ በዝተው ይገኛሉ። ታዲያ እሳቱን የሚለኵሱት እነርሱ ናቸውን? በ2002 እ.ኤ.አ. የወጣ ምርምር ማስት ሴል የሌላቸው አይጦች የመገጣጠሚያውን ብግነት እንደ ተቋቋሙ ስላሳየ፥ ብዙዎች አዎን ወደ ማለት አዘንብለው ነበር። እነዚያ አይጦች ግን ሌላም የተፈጥሮ ጉድለት ነበረባቸው፤ በ2011 በሌላ ዘዴ ሕዋሳቱን ብቻ ያጡ አይጦች ሲፈተኑ እንደ ጤነኞቹ ታመሙ። ክርክሩ አልተቈረጠም። ስለዚህ የማሳከክ ኪኒን ያበጠ ጕልበት ይፈውሳል የሚል ሰው ቢገጥመን አንቀበለው።

ማስቶሳይቶሲስ የተባለው፥ ጥቂት ሰው ብቻ የሚይዘው ሕመም ግን ከዚህ ይለያል። በእርሱ ሕዋሳቱ ራሳቸው ከልክ በላይ ይበዛሉ። በብዙዎቹ ታማሚዎች ቆዳ ላይ ሲታሽ የሚያብጥ ቡናማ ነጠብጣብ ይታያል። ሕዋሳቱ በአጥንት መቅኔ ሲከማቹ አጥንት ሊሳሳ፥ ሊያም፥ አንዳንዴም ያለ ብርቱ ውድቀት የጀርባ አጥንት ሊሰበር ይችላል። ታማሚው ይህን ሁሉ «ቁርጥማት» ብሎ ይነግረናል፤ እኛም አምነን ወደ ፍል ውሃ እንወስደዋለን።

እንዲህ ባለ ሰው ላይ ሙቀት፥ የአልኮል መጠጥ፥ ለአንዳንዱም አስፕሪንና ኢቡፕሮፌን ሕዋሳቱን በአንድ ጊዜ ሊያስቈጡ ይችላሉ። የደም ግፊት ወርዶ ራስን እስከ መሳት ሲደርስ ሳይዘገዩ ወደ ሐኪም ቤት መውሰድ ያስፈልጋል። ሐኪም የሰጠውንና የተስማማውን መድኃኒት ግን በዚህ ጽሑፍ ምክንያት ማንም በራሱ አያቋርጥ።

ለሐኪም ሲነገር ጣቱና ቆዳው ተለያይተው አይነገሩ፤ ምን ከተበላ ወይም ከተዋጠ በኋላ፥ በስንት ደቂቃ እንደ ጀመረም ይጠቀስ። ከማስት ሴል የሚወጣውን ትሪፕቴዝ የተባለ ነገር የሚለካ የደም ምርመራ አለ፤ ደሙ ሕመሙ በተነሣ በአራት ሰዓት ውስጥ፥ ዳግመኛም በደኅና ቀን ቢወሰድ ሐኪሙ ሁለቱን አስተያይቶ ይፈርዳል።