ጠባብ ቡሺንግ ለማን?

ወገን፣ እዚህ አሜሪካ ለራስ ጥበቃ ብላችሁ 1911 ሽጉጥ የገዛችሁ፣ ይቺን አንብቡልኝ። የመኪና ቡሺንግ ሲላላ ይንኳኳል ብለን እንቀይራለን። የአፈሙዝ ቡሺንግ ግን ትንሽ ክፍተት የግድ ይፈልጋል፤ በተተኮሰ ቁጥር አፈሙዙ ከኋላው ዝቅ ይላላ! መፈናፈኛ ካጣ ይታነቅና ስላይዱ ሳይዘጋ ይቀራል። ሰው ግን ጥይቱንና ካዝናውን ይወቅሳል። ኮልት እንኳ በፈረንጆቹ 1970 ያመጣው፣ አፈሙዙን በብረት ጣቶች ጨምድዶ የሚይዝ ቡሺንግ ጣቱ እየተሰበረ አስቸግሮ ኋላ ወደ ድሮው ተመልሷል። ጠባቡ ለዒላማ ተወዳዳሪ ይሁን፤ ነፍስ ለሚጠብቅ ሽጉጥ እኔ ላላ ያለውን እመርጣለሁ። ከተጠራጠራችሁ ባዶ መሆኑን ደጋግማችሁ አይታችሁ ፍቱት፤ ያለ ሞላ ስላይዱን፣ አፈሙዙንና ቡሺንጉን ብቻ ግጠሙ። አፈሙዙ በጣት ሲገፋ ቦታው ካልገባ ወይም ገብቶ እንደ ሞላ ከተመለሰ፣ ሞረድ ሳታነሱ ለጠመንጃ ሠሪ አሳዩት።