«በርካሹ ጊዜ ግዛ» ለማን ይነገራል?

«አስተዋይ ሰው በርካሹ ጊዜ ይገዛል» የሚለውን ምክር ከከተማ መካሪዎች ዘወትር እሰማለሁ። ስሌቱን አልክድም። ማሽላ በመከር ማግሥት ይረክሳል፤ በክረምት፣ ጎተራው ተሟጦ አዲሱ ገና በማሳ ሳለ፣ ይወደዳል። መተማ ላይ ይህንን የማያውቅ ማን አለ? ሕፃን እንኳ ያውቀዋል።

ግን በምን ይግዛ? ሰሊጥ ከደረሰ ቀን አይሰጥም፤ አጨዳው ከዘገየ ቆባው ተሰንጥቆ ፍሬው ይረግፋል። ገበሬው ታዲያ ለአረምና ለአጨዳ ሠራተኛ ይበደራል፤ ብድሩንም የሚከፍለው ገበያው በሰሊጥ በተጥለቀለቀበት በዚያው ሰሞን ነው። ርካሹ ወቅት ለእርሱ መሸጫ እንጂ መግዣ አይደለም። ሳሉግስ? (ለአረምና ለአጨዳ የሚቀጠረውን ሠራተኛ እንዲህ እንለዋለን።) ኩንታል ቢገዛ የት ሊያኖረው ነው? በዳሱ ውስጥ? የዕለት ገቢ ያለው ሁሉ በጣሳ ይገዛል፤ በጣሳ የሚገዛ ደግሞ አስወድዶ ይገዛል።

የቆላው ሙቀትም አለ። በታኅሣሥ በርካሽ የገዙትን ማሽላ ነቀዝ እስከ ሰኔ ዱቄት ያደርገዋል። አየር የማያስገባ ከረጢት ነቀዙን አፍኖ ይገድላል፤ እርሱም በነፃ አይገኝም።

መካሪዎቻችን ሆይ፣ ድሀው ብልሃት አልጎደለውም፤ የጎደለው በታኅሣሥ እጁ ላይ የሚገኝ ገንዘብ ነው። ስለ ትዕግሥት ከምትሰብኩን፣ የሸማቾች ማኅበራት በታኅሣሥ ገዝተው በነሐሴ በመጠነኛ ትርፍ የሚያከፋፍሉበትን ብድርና መጋዘን ጠይቁልን። ለገበሬውም ሰሊጡን ዋጋው እስኪያገግም አስይዞ የሚበደርበትን መንገድ።