ስንጥቁ ጉድጓድ ከመሆኑ በፊት

ከአስኮ ወደ ቡራዩ በሚወስደው መንገድ ላይ የምትገኘውን ሳንሱሲን ብዙዎቻችን የምናውቃት ወደ አምቦና ወደ ነቀምቴ ስናልፍ ነው። በፈረንሳይኛ «ሳን ሱሲ» ማለት «ያለ ሐሳብ» ማለት ነው። ይሁን እንጂ ክረምት በገባ ቁጥር በዚህም ሆነ በሌሎች የከተማችን መውጫ መንገዶች ያለ ሐሳብ መጓዝ አይቻልም። ውኃ ያቆረ ጉድጓድ ጥልቀቱ አይታወቅም። አሽከርካሪው ከጉድጓዱ ለመሸሽ መሪውን በድንገት ሲያዞር በመንገዱ ዳር የሚሄደው ተማሪ አደጋ ላይ ይወድቃል።

ውድ አንባብያን፣ ይህ ጉድጓድ በአንድ ሌሊት የተፈጠረ አይደለም። ከአንድ ወይም ከሁለት ዓመት በፊት የእርሳስ ውፍረት የማይሞላ ስንጥቅ ነበር። እኛም በዚህ ጽሑፍ ለማስገንዘብ የምንፈልገው አንድ ነገር ነው፤ የመንገድ ጥገና መጀመር ያለበት ጉድጓድ ሲታይ ሳይሆን ስንጥቅ ሲታይ ነው፤ ወራቱም በጋ ነው።

ስንጥቅ ከየት ይመጣል?

አስፋልት በሬንጅ የተያያዘ ጠጠርና አሸዋ ነው። ከ100 ኪሎ ግራም አስፋልት ውስጥ ሬንጁ 5 ኪሎ ግራም ያህል ብቻ ሲሆን፣ ንጣፉ እንዲሳብና እንዲለጠጥ የሚያደርገው ግን እርሱ ነው። ሬንጅ ከአየር ኦክስጅንና ከፀሐይ ጨረር ጋር ሲገናኝ ከዓመት ወደ ዓመት እየደረቀ ይሄዳል። ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ ባለችው አዲስ አበባ ደግሞ ጨረሩ ብርቱ ነው። የኅዳርና የታኅሣሥ ቀን ሙቀትና የሌሊት ቅዝቃዜ የደረቀውን ንጣፍ ሲለጥጡትና ሲያኮማትሩት ይሰነጠቃል።

ሁለተኛው ምክንያት ጭነት ነው። እ.ኤ.አ. ከ1958 እስከ 1960 በአሜሪካ ኢሊኖይ ግዛት በተካሄደ ሰፊ ሙከራ እንደተረጋገጠው፣ በመንገድ ላይ የሚደርሰው ጉዳት ከአክስል ክብደት አራተኛ ርቢ ጋር በግምት ተመጣጣኝ ነው። የአንድ የጭነት መኪና አክስል 10 ቶን፣ የአንድ የቤት አውቶሞቢል አክስል 1 ቶን ቢመዝን ጉዳቱ በ10 ሳይሆን በ10,000 እጥፍ ይበልጣል ማለት ነው። ከተፈቀደው በላይ የጫነ አንድ ተሳቢ ምን ያህል እንደሚጎዳ ተማሪዎች ራሳቸው ሊያሰሉት ይችላሉ።

ሦስተኛው መሬቱ ራሱ ነው። በአዲስ አበባና በዙሪያዋ ብዙ ቦታዎች የሚገኘው ዋልካ አፈር በውስጡ ያሉት የሸክላ ማዕድናት ውኃ እየመጠጡ በክረምት ያብጣሉ፤ በበጋ ይሟሽሻሉ። በእርሻ ማሳ ላይ እግር የሚያስገባ ንቃቃት የሚፈጥረው አፈር በአስፋልት ሥር ሲሆን ጠባዩን አይለውጥም።

የውኃው ሥራ

ስንጥቅ ብቻውን መንገድ አያፈርስም። መንገድ የሚያፈርሰው በስንጥቁ የሚገባው ውኃ ነው። ከንጣፉ ሥር ያለው ገረጋንቲ ጥንካሬ የሚኖረው ቅንጣቶቹ እርስ በርስ ተጠቅጥቀው ሲደጋገፉ ነው። ውኃ በስንጥቁ ገብቶ ሲጠራቀም፣ በላዩ የሚያልፈው ጎማ ውኃውን እንደ መርፌ ውስጥ መድኃኒት ይገፋዋል። ውኃውም ደቃቁን አፈር ይዞ ይወጣል። ዝናብ ካባራ በኋላ በስንጥቅ ዙሪያ የሚታየው ፈዛዛ ጭቃ ከሥር የተሸረሸረው መሠረት ነው። ከዚያ በኋላ ድጋፍ ያጣው ንጣፍ እንደ አዞ ቆዳ ይሰነጣጠቃል፤ ቁርጥራጩ ተፈናቅሎ ይወጣል፤ ጉድጓድም ይሆናል።

በመሆኑም ጥገናው የጉዳቱን ደረጃ የተከተለ መሆን ይኖርበታል። ነጠላ ስንጥቅ ከሆነ በብሩሽና በአየር ግፊት ጠርጎ፣ መድረቁን አረጋግጦ፣ ጎማ ነክ ንጥረ ነገር የተቀላቀለበት ትኩስ ሬንጅ መሙላትና አሸዋ መነስነስ ይበቃል። የአዞ ቆዳ የመሰለውን ግን ከላይ ሬንጅ ማፍሰስ አያድነውም። በአራት ማዕዘን ተቆርጦ መነሣት፣ መሠረቱ በየንብርብሩ ተሞልቶ መጠቅጠቅ፣ አዲሱ አስፋልትም በዳምጠው መዳመጥ አለበት። ከጎኑ ያለው ቦይ በቆሻሻ ተደፍኖ ከቀረ ደግሞ ይህ ሁሉ ድካም ከንቱ ነው። ወጣቶች ጉድጓዱን በአፈር ሲሞሉ እናያለን፤ በጎ ፈቃዳቸው የሚመሰገን ነው። ነገር ግን አፈሩ በመጀመሪያው ዝናብ ጭቃ ይሆናል፤ ውኃውንም ይዞ ያቆየዋል።

የግቢያችን ኮንክሪት

ጉዳዩ የመንግሥት ብቻ አይደለም። የመኪና መግቢያውን በኮንክሪት ያስነጠፈ ሰው በዓመቱ ስንጥቅ ሲያይ ግንበኛውን ይወቅሳል። ኮንክሪት ግን ሲደርቅ መኮማተሩ አይቀርም። የሙቀት መጠን በ20 ዲግሪ ሴልሺየስ ሲለዋወጥም 5 ሜትር ርዝመት ያለው ንጣፍ 1 ሚሊ ሜትር ያህል ይረዝማል ወይም ያጥራል። ስለዚህ ብልኅነቱ ስንጥቁን መከልከል ሳይሆን ቦታውን መምረጥ ነው። 10 ሴንቲ ሜትር ውፍረት ባለው ንጣፍ ላይ በየ2.5 ወይም 3 ሜትሩ የውፍረቱን ሩብ ያህል የሚጠልቅ መስመር ቢቆረጥ ስንጥቁ በመስመሩ ይሄዳል። ለማቡካት እንዲቀል ውኃ ማብዛት ኮንክሪቱን ያደክመዋል፤ ከተነጠፈ በኋላ ግን ቢያንስ ለ7 ቀናት በእርጥብ ጆንያ መሸፈን ያጠነክረዋል።

የተሰነጠቀውን በሲሚንቶ መለሰን የተለመደ ቢሆንም ብዙ አይቆይም። ስንጥቁ ከወቅት ወደ ወቅት ስለሚንቀሳቀስ የማይለጠጥ መሙያ ተመልሶ ይፈነቀላል። ሊለጠጥ የሚችል መሙያ ያስፈልጋል። የስንጥቁ አንድ ጎን ከሌላው ዝቅ ብሎ ከተገኘ ግን ችግሩ ከሥር ስለሆነ አስቀድሞ የውኃውን መግቢያ መፈለግ ይገባል።

ለምን እንዘገያለን?

ለተደፈነ ስንጥቅ ሪባን አይቆረጥም። አዲስ መንገድ ሲመረቅ ሁሉም ያያል፤ በጊዜው በተሠራ ጥገና ሳይፈርስ የቀረ መንገድ ግን አይታይም። «መንገድ የሌላቸው ወረዳዎች እያሉ ስለ ስንጥቅ ማውራት ቅንጦት ነው» የሚሉ አሉ። ሐሳቡ ቀላል ግምት የሚሰጠው አይደለም። ሆኖም የፈረሰውን እንደገና ለመገንባት የሚወጣው ገንዘብ መንገድ ከሌለው ወረዳ ላይ የሚቀነስ ነው። ሬንጁም በውጭ ምንዛሪ የሚገዛ ነው። የዓለም ባንክ እ.ኤ.አ. በ1994 ባወጣው የዓለም ልማት ሪፖርት፣ ቀደም ባሉት 10 ዓመታት በአፍሪካ 12 ቢሊዮን ዶላር ለወቅታዊ ጥገና ቢውል ኖሮ ለመልሶ ግንባታ የሚያስፈልገውን 45 ቢሊዮን ዶላር ማዳን ይቻል እንደነበር ገልጿል። አገራችንም በ1989 ዓ.ም. የመንገድ ፈንድን በአዋጅ ስታቋቁም ጥገና የራሱ ገንዘብ ሊኖረው እንደሚገባ ተቀብላለች። የቀረው ገንዘቡ በወቅቱ፣ ማለትም ከጥቅምት እስከ ጥር ባሉት ደረቅ ወራት፣ ስንጥቅ ላይ እንዲደርስ ማድረግ ነው። ለውኃ ቱቦ ወይም ለኬብል አስፋልት የሚቆርጥ ማንኛውም አካልም ንብርብሩን እንደነበረ ጠቅጥቆ የመመለስ ግዴታው በተግባር ሊታይ ይገባል።

ተማሪዎችም ተመልካች ብቻ መሆን የለባቸውም። በትምህርት ቤታችሁ ግቢ ወይም መኪና በማያልፍበት የእግረኛ መንገድ ላይ አንድ ስንጥቅ ምረጡ። በግራና በቀኙ ሁለት ምልክት አድርጋችሁ በመካከላቸው ያለውን ርቀት በጥቅምት፣ በጥርና በሐምሌ ለኩ፤ ውኃው ከየት እንደሚመጣም መዝግቡ። ውጤቱን ለመምህራችሁ፣ ከዚያም ለወረዳችሁ አሳዩ። ቁጥር የያዘ አቤቱታ ከእሮሮ ይልቅ ይደመጣል።

አበው «ሳይቃጠል በቅጠል» ያሉት ለዚህ ነው። ስንጥቁን ዛሬ በደረቁ ከደፈንነው በመጪው ክረምት በሳንሱሲ መንገድ ዳር የሚሄደው ተማሪ እንደ ስሟ ያለ ሐሳብ ያልፋል።