ክዳን ከመግዛታችን በፊት

በቤታችን ካለው ዕቃ ክዳን የሌለው ጥቂት ነው። ሞሰቡ ክዳን አለው፤ ምጣዱ አክንባሎ አለው፤ ጋኑም ቢሆን አፉን የሚገጥምለት አያጣም። እናቶቻችን ይህን ሁሉ ያበጁት ለጌጥ ብለው አይደለም፤ በውስጡ ያለው እንዲጠበቅ ነው እንጂ። ታዲያ የክዳንን ጥቅም ይህን ያህል የምናውቅ ሰዎች ስንሆን፣ ብዙ ገንዘብ የወጣበት ፒክአፕ መኪና የመንግሥትን ንብረት በጀርባው አዝሎ በሰኔ ዝናብ ሲጓዝ ከላዩ ያለው አንድ የተቀዳደደ ሸራ ብቻ መሆኑ አያስገርምምን?

ነገሩን ያነሣሁት ያለ ምክንያት አይደለም። የማስተምረው በብልባላ ነው፤ ብልባላ ከላሊበላ ወደ ሰቆጣ በሚወስደው መንገድ ላይ የምትገኝ የላስታ ከተማ ናት። ባለፈው ሰኔ የዓመቱ መጨረሻ ፈተና ወረቀት በላሊበላ ተባዝቶ በአንድ መሥሪያ ቤት ፒክአፕ ተላከልን። በመንገድ ላይ ዝናብ ወረደ፤ ነፋሱም ሸራውን ገለበው። መኪናው ሲደርስ ወረቀቱ እንደ ራሰ እንጀራ እርስ በርሱ ተጣብቆ አገኘነው። ሁለትና ሦስት ሰዓት በእግራቸው ተጉዘው የመጡት ተማሪዎች «በሳምንቱ ተመለሱ» ተብለው ተሸኙ። ጊዜው የእርሻ ወራት ነበርና ከእኔ ክፍል ሁለቱ በሳምንቱ አልተመለሱም። ሸራው ስንት ብር እንደሚያወጣ እናውቃለን፤ የሁለቱን ልጆች ዓመት ግን በምን እንተምነዋለን?

መሥሪያ ቤቱ ከዚህ በኋላ ተጸጽቶ ጠንካራ ክዳን ገዛ። ክዳኑ ያማረ ነበር፤ አንድ ወጥ ሆኖ በመኪናው ቀለም የተቀባ፣ ቁልፍ ያለው፣ በስምንት ብሎን ከሳጥኑ ጋር የታሠረ። ሁላችንም «ይበል!» አልን። ወር ሳይሞላ ግን በአንድ የገበያ ቀን የታመመ ሰው በቃሬዛ ተሸክመው ወደ መንገዱ አወጡ። አምቡላንሱ ወደ ሌላ ቀበሌ ሄዶ ስለ ነበር ያ ፒክአፕ ተለመነ። ሕመምተኛው መቀመጥ አይችልምና በጋቢና ሊገባ አልቻለም፤ ሳጥኑ ደግሞ ተከድኗል። መፍቻ እስኪገኝ፣ ስምንቱም ብሎን እስኪፈታ አንድ ሰዓት ያህል ሄደ። ቃሬዛውን ከተሸከሙት አንዱ ሽማግሌ ወደ እኔ ዘወር ብለው፣ «መምህር፣ ይህ መኪና ከእንግዲህ የወረቀት ሆኖ የሰው መሆኑ ቀረ ማለት ነው?» አሉኝ። የምመልሰው አጣሁ። እግዚአብሔር ይመስገን፣ ሰውየው ድኗል፤ ጥያቄው ግን እስካሁን ከጆሮዬ አልወጣም።

እንግዲህ ክዳን ሲመረጥ የመጀመሪያው ጥያቄ «የትኛው ያምራል?» ወይም «የትኛው ይረክሳል?» የሚል መሆን የለበትም። «ይህ መኪና ምን ምን ይጭናል?» ብሎ መጀመር ይገባል።

በባሕር ማዶ ይህን መሰሉን ክዳን ከ«ቶኖ» ስም ጋር ያያይዙታል። ቃሉ ፈረንሳይኛ ሲሆን ትርጉሙ በርሜል ነው፤ በጥንቶቹ አውቶሞቢሎች የኋላው መቀመጫ ክፍል በርሜል ይመስል ስለ ነበር ስሙ ከዚያ መጣ። ዛሬ ጠንካራው ክዳን በሦስት ዐይነት ይገኛል። አንደኛው አንድ ወጥ ሆኖ በጋቢናው በኩል በማጠፊያ ተይዞ ከኋላ ወደ ላይ የሚከፈተው ነው። አብዛኛውን ጊዜ ከፋይበር ግላስ ይሠራል። በመካከሉ መጋጠሚያ ስለሌለው ዝናብን ደኅና አድርጎ ይከላከላል፤ ነገር ግን ከሳጥኑ ከፍ ያለ ዕቃ ሲመጣ መላውን ማውረድ ግድ ነው። ሁለተኛው በሦስት ወይም በአራት ተከፍሎ ወደ ጋቢናው የሚታጠፈው የአሉሚኒየም ክዳን ነው። መጋጠሚያው ጎማ ስለ ሆነ ጎማው ሲያረጅ ውሃ ያስገባል፤ ሆኖም ሳጥኑን በጥቂት ደቂቃ መክፈት ይቻላል። ሦስተኛው እንደ ሱቅ መዝጊያ ተጠቅልሎ በጋቢናው ጀርባ ባለ ማኅደር ውስጥ የሚገባው ነው። ለአያያዝ ይመቻል፤ ግን ዋጋው ከፍ ያለ ነው፤ ከጭነቱም ቦታ ይሻማል፤ የሚንሸራተትበትም ሐዲድ በአቧራና በጭቃ ይያዛል። ዛሬ ወረቀት፣ ነገ የተማሪ ወንበር፣ ከነገ ወዲያ ሕመምተኛ ለሚጭን የገጠር መኪና ሁለተኛው ዐይነት ይሻላል ብዬ አምናለሁ።

በአገራችን ጋራዥ በላሜራ ማሠራትም ይቻላል፤ ነውር የለበትም። ነገር ግን ሒሳቡን እናስላ። ርዝመቱም ስፋቱም አንድ ሜትር ተኩል፣ ውፍረቱ 1.5 ሚሊ ሜትር የሆነ የብረት ላሜራ ብቻውን 26 ኪሎ ገደማ ይመዝናል፤ በዚያው ልክ የተቆረጠ አሉሚኒየም ግን 9 ኪሎ ገደማ ነው። ክዳኑ በከበደ ቁጥር የሚጫነው ይቀንሳል፤ ለማውረድም ብዙ ሰው ያስፈልጋል።

የሳጥኑን ልክ ሳይዙ ወደ ሶማሌ ተራ መሄድ ገንዘብ መበተን ነው። ባለ ሁለት ጋቢና ፒክአፕ ሳጥኑ አብዛኛውን ጊዜ አንድ ሜትር ተኩል ገደማ ሲሆን፣ የባለ አንድ ጋቢናው ከሁለት ሜትር ይበልጣል፤ ስማቸው አንድ ሆኖ የተሠሩበት ዘመን ቢለያይ እንኳ ልካቸው ይለያያል። ርዝመቱን የኋላው መዝጊያ ተዘግቶ ከውስጥ ለኩ፤ ስፋቱን ከፊትም ከኋላም ለኩ። ከዚያም ከማዕዘን ወደ ማዕዘን በሰያፍ ሁለቱንም ለኩ። ሁለቱ ካልተካከሉ ሳጥኑ ተጣሟልና አስቀድሞ ይቃና፤ ጠንካራ ክዳን በጠማማ ሳጥን ላይ አይገጥምም።

ሲገጠምም መቸኮል አይገባም፤ የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ነውና። የሳጥኑ ጠርዝ ታጥቦ ይድረቅ፤ ጎማው ሳይቆራረጥ ዙሪያውን ይነጠፍ፤ አሉሚኒየምና ብረት እርጥበት ባለበት ፊት ለፊት ሲነካኩ አንዱ ሌላውን ያስበላዋልና በመካከላቸው ጎማ ይግባ። ብሎኖቹ የመኪና ጎማ እንደሚታሠር በየተራ፣ ጥቂት በጥቂት ይጥበቁ። በትራፓኖ መብሳት ግድ ከሆነ ቀዳዳው ወዲያውኑ ፀረ ዝገት ቀለም ይቀባ። ውሃ መውረጃ ቱቦ ካለው አፉ ከሳጥኑ ውጭ ይሁን። ከዚያ በውስጡ አሮጌ ጋዜጣ አንጥፋችሁ አምስት ስድስት ባልዲ ውሃ ከላይ አፍስሱ፤ የትኛው ማዕዘን እንደሚያፈስ ጋዜጣው ይነግራችኋል። በጠጠር መንገድ መቶ ወይም ሁለት መቶ ኪሎ ሜትር ከተሄደ በኋላም ብሎኖቹን እንደገና መፈተሽ ነው።

ስለ አቧራም አንድ ነገር ልጨምር። ብዙ ሰው አቧራ ከላይ የሚገባ ይመስለዋል። መኪናው ሲሮጥ ግን ከኋላው ያለው አየር ስለሚሳሳ አቧራው ተስቦ በኋላው መዝጊያ ስንጥቅ ይገባል። ስለዚህ ለመዝጊያው ዙሪያም ጎማ ያስፈልገዋል። ቁልፉም እንዲሁ ነው፤ መዝጊያው ካልተቆለፈ የክዳኑ ቁልፍ ሌባ አያስቀርም።

ከሁሉ በላይ ግን፣ ምንም ያህል ቢቸግር፣ በተዘጋ ክዳን ሥር ሰው አይጫን። አየር ያጥራል፤ የሞተሩም ጢስ ሊገባ ይችላል። ሕመምተኛ ሲጫን ክዳኑ ይነሣ፤ አስታማሚም ከአጠገቡ ይሁን፤ ሾፌሩም በዝግታ ይንዳ። ለዚህ ሥራ የተሠራው አምቡላንስ መሆኑንም አንርሳ።

ያ መሥሪያ ቤት ስምንቱን ብሎን በእጅ በሚፈታ ማጥበቂያ አስለውጧል። ባለፈው ሳምንት ስንሞክረው ሁለት ሰዎች በአምስት ደቂቃ አወረዱት። ማጥበቂያው ከክዳኑ ዋጋ ጋር ሲነጻጸር ኢምንት ነው፤ ክዳኑ ሲገዛ ግን ይህን ያሰበ አንድም የኮሚቴ አባል አልነበረም።

ወጣት የመንግሥት ሠራተኞች ሆይ፤ ዛሬ ወይም ነገ በግዥ ኮሚቴ ውስጥ ስማችሁ ይጻፋል። በዚያን ጊዜ ወረቀቱ ላይ ከመፈረማችሁ በፊት ሾፌሩን፣ የንብረት ክፍሉን ሠራተኛ፣ መኪናውንም የሚለምኑትን የአገር ሽማግሌ ጠይቁ። ሳይቃጠል በቅጠል ይባላል፤ ዝናቡ ከመጣ፣ ቃሬዛውም መንገድ ዳር ከደረሰ በኋላ የሚጠየቅ ጥያቄ ለማንም አይጠቅምም።